ሊጡ እስኪቦካ፦ የአንድ አጭር ፊልም የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥር 14 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ዛሬ ስክሪፕቱን ከቡድናችን ውጭ ላለ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩ። አድማጬ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል እንጀራ እየጋገሩ ለሱቆች የሚያስረክቡ እናት ናቸው። ሦስት ልጆች ብቻቸውን አሳድገዋል፤ ትንሿ ገና አራተኛ ክፍል ናት። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ሁላችንም እትዬ ስለምንላቸው እኔም እዚህ እንዲሁ እላቸዋለሁ።

ፊልሙ ሃያ ደቂቃ ገደማ እንዲሆን ነው የታሰበው። ባለታሪኳ አስካለ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ትርሲትን ያለ አባት ታሳድጋለች። ስክሪፕቱ እስከ ዛሬ 28 ገጽ ነበረ፤ እኔም እወደው ነበር። ገጽ 6 ላይ ትርሲት ዩኒፎርም ስለሌላት ከትምህርት ቤቷ በር እያለቀሰች ትመለሳለች። እዚያ ስደርስ እትዬ እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አወጡ።

«የግል ትምህርት ቤት ነው የምትማረው?»

«አይደለም እትዬ፤ የመንግሥት ነው።»

«ታዲያ ማን ነው የሚመልሳት? ዩኒፎርሙንም ደብተሩንም እነሱው ይሰጡ የለም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርምና ደብተር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይታደላል፤ ልጆቹ ቁርስና ምሳም እዚያው ይበላሉ። እኔ የጻፍኩት በራሴ የተማሪነት ዘመን ያየሁትን ችግር ነበር። ሌላው ሁሉ ሲለወጥ ድህነት ብቻ ባለበት ቆሞ የጠበቀኝ መስሎኝ ኖሯል። ትንሽ አፈርኩና፣ «እንግዲያው አሁን የሚከብደው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቅዳሜና እሑድ ነዋ!»

ያን ያሉት ግልጽ የሆነ ነገር እንደተጠየቀ ሰው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ትምህርት ቤት ትበላለች፤ እናት የምታስበው ለራት ብቻ ነው። ዓርብ ማታ ሲደርስ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። ክረምቱንማ ተወው አሉኝ።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ትናንት አስተርእዮ ማርያም ስለነበረች ሥራ አልነበረም። ዛሬ አዲሱን ስክሪፕት ጨረስኩ። ከ28 ገጽ 17 ቀረ። ታሪኩ ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ይጀምርና ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያበቃል። ሰካራሙ አከራይ ወጣ። የሆስፒታሉ ትዕይንት ወጣ። አባትየው በትዝታ የሚመጣበት፣ በዝናብ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድበት ትዕይንትም ወጣ። ለዚያ ትዕይንት የውኃ ቦቴ ለመከራየት ዋጋ እስከ መጠየቅ ደርሰን ነበር፤ በጀታችንን የሚያውቅ ሰው ይስቅብናል።

አባትየው አሁን በአንድ ቦታ ብቻ አለ፤ በቅጽ ላይ። ዓርብ ዕለት ትርሲት ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ ትመጣለች፦ የልደት የምስክር ወረቀት ቅጂ ሰኞ ይምጣ የሚል። አስካለ ሣጥኗን ከፍታ የምታወጣው ወረቀት ላይ የልጅቷ ስም ትርሲት ወልዴ ተብሎ ተጽፏል። የራሷም መታወቂያ አስካለ ወልዴ ይላል። ልጅቷ የተጠራችው በአያቷ ነው። በእኛ አገር የአባት ስም ከልጅ ስም ቀጥሎ የሚቀመጥ ስለሆነ አባቱ ያልተገኘ ልጅ ብዙ ጊዜ በእናቱ አባት ይመዘገባል፤ ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው እናትና ልጅን እኅትማማቾች ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ትርሲት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ፣ «እማዬ፣ እኅቴ ነሽ እንዴ?» ትላለች። ከቀድሞው ስክሪፕት ምንም ሳልነካ ያቆየሁት ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው።

በ1992 የወጣውን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213ን፣ ደግሜ አነበብኩት። አባትነት በፍርድ ቤት ሊታወቅ የሚችልባቸው ምክንያቶች ተዘርዝረዋል፤ የቀለብ ግዴታም አለ። «አስካለ ለምን አትከስም?» ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች እንደሚኖር አውቃለሁ። እትዬን ጠየቅኋቸው። «ፍርድ ቤት የሚውል ሰው መቼ ይጋግራል?» አሉኝ። ያንን ንግግር አስካለ አፍ ውስጥ አልጨመርኩትም፤ እንደ መፈክር ይሰማል። በውሎዋ ይታይ።

ትልቁን ነገር ግን ያገኘሁት ሳልጠይቅ ነው። እትዬ ወጪያቸውን የሚቆጥሩት በብር አይደለም፤ በእንጀራ ነው። በቀን 40 ይጋግራሉ። በጣቶቻቸው እየቆጠሩ እንዲህ አሉኝ፦

«የጤፉ 27። የመብራቱ 3። የኪራዩ 5። እቁብ 2። ስንት ሆነ?»

«37።»

«የመጀመሪያዋ ደግሞ ምጣዱን የምታሟሸው ናት፤ አትሸጥም። 38። ሁለት ቀረችን ማለት ነው።»

ይህ ቃል በቃል ስክሪፕቱ ውስጥ ገባ። የፊልሙ መሠረትም እሱ ሆነ። እኔ ያሰብኩት ስለ ኀዘን ነበር፤ የሚሠራው ግን ስለ ቁጥር ነው።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

የቀረጻ ቦታ ፍለጋው አለቀ። መጀመሪያ ዓይናችንን የጣልነው ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ ግቢ ላይ ነበር፤ ሰፈሩ ግን ፈርሷል። በመጨረሻ እትዬ ራሳቸው «ለምን እኔ ቤት አይሆንም?» አሉ። ቤቱ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ገደማ ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የማዳበሪያ ኮርኒስ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ከቀን አበል ሌላ የቤቱን ኪራይ በየቀረጻው ቀን እንከፍላለን፤ የማይጋግሩበትን ቀንም እንተካለን። ይህን አስቀድመን በወረቀት ላይ አስፍረን ተፈራረምን።

ጥሩ ባልሆነ መንገድ የተጀመረ ቀን ነበር። የትዕይንት አሰናጁ ጓደኛችን ቀድሞ ገብቶ ቤቱን «ደሃ ሊያስመስል» ሞክሯል። ግድግዳው ላይ ጥላሸት ቀብቷል፤ የተቀደደ ጨርቅ ሰቅሏል፤ የተሰበረ ጀበና ከየት እንዳመጣ አላውቅም። እትዬ ገብተው ዙሪያውን ተመለከቱና ድምፃቸውን ሳያሰሙ ጨርቅ አርሰው መጥረግ ጀመሩ። ጓደኛችን የሚገባበት ጠፋው።

ልብሱም ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። የተዋናይቷን ቀሚስ በሻይ ቀለም ነክረን፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈትገን ነበር። «በዚህ ልብስ እንጀራ ልትሸጥ?» አሉ እትዬ። «ማን ይገዛታል?» እውነትም የእንጀራ ሻጭ የመጀመሪያ ማስታወቂያዋ ንጽሕናዋ ነው። የቆሸሸች መስላ ከታየች በማግስቱ ሱቁ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ አስካለ በፊልሙ ውስጥ ከሁሉም ሰው ይልቅ የነጣ ሽርጥ አላት። የታጠበ ግን ያረጀ ጨርቅ በካሜራ የሚያምር ሆኖ አገኘነው፤ ብርሃኑን ቀስ አድርጎ ይመልሳል።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ፤ የመጀመሪያው የቀረጻ ቀን

ቀረጻው በሙሉ ቅዳሜና እሑድ ነው። ትርሲትን የምትጫወተው ልጅ ተማሪ ናት፤ እናቷም ሳትኖር አንቀርጽም፤ በቀንም ከአራት ሰዓት በላይ አናሠራትም።

እኔ ያላሰብኩት ነገር ሊጥ ነው። ሊጡን ሐሙስ ማታ ነበር ያስቦካሁት ማለትም እትዬ እንዲያቦኩ የነገርኳቸው። «አይደርስም» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን የቀረጻ ሰሌዳ በእጄ ነበረና ሰሌዳውን አመንኩ። ጠዋት ተዋናይቷ ስትጋግር አፍለኛ ወጣ። ዓይን የለውም፤ ልጥፍ ብሎ የቀረ ነገር። ካሜራው ሲጠጋው ደግሞ ይብስ። ማንም ኢትዮጵያዊ ተመልካች በአንድ ሰከንድ ያውቀዋል፤ ያቺ ሴት እንጀራ ሸጣ እንደማታድር ያውቃል። የጋገራውን ትዕይንቶች ሁሉ ሰርዘን የዓርቡን ምሽት ቀረጽን።

ከዛሬ ጀምሮ የቀረጻ ሰሌዳችን የሚነሣው ከረቡዕ ነው። ረቡዕ ይቦካል፤ ዓርብ ማታ ውኃው ይቀለበስና አብሲት ይጣላል፤ ቅዳሜ ጠዋት ይጋገራል። ሰሌዳው አናት ላይ በቀይ ጽፌዋለሁ።

የካቲት 2፣ እሑድ

የኤሌክትሪክ ቀን። ምጣዱ ብቻውን ከ3,500 ዋት በላይ ይስባል። የግቢው ቆጣሪ አንድ ነው፤ ተከራዮቹ አምስት። ምጣዱን ለኩሰን ሁለቱን መብራቶቻችንን ስናበራ ቆጣሪው ጠቅ አለና ግቢው ሁሉ ጨለመ። አንዲት ጎረቤት ወጥ ጥደው ኖሮ ወጡ ሳይሆን እኛ ተቀቀልን። ይቅርታ ጠይቀን መብራቶቹን ወደ ባትሪ አዞርን። ባትሪዎቹ የሚቆዩት ሰባ ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ዋናውን ብርሃን ከበሩ አስገባነው። በሩ ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጥረን ፀሐዩን አለዘብነው። ከተከራየነው መብራት ይሻላል።

ሌላው ችግር ብልጭታ ነበር። ጣሪያው ላይ ያለው ርካሽ አምፖል በካሜራው መስኮት ላይ ጥቁር መስመሮች ያስሮጣል። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ካሜራው ደግሞ በሰከንድ 24 ምስል ላይ ተሞልቶ ነበር። ወደ 25 ምስል፣ መዝጊያውን ወደ 1/50 ስናመጣው ጠፋ። ይህን የምጽፈው እኔ ሁለት ሰዓት ስላጠፋሁበት ነው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ሊጡ ደርሷል! ዛሬ 40ውንም እንጀራ ቀረጽን። ካሜራውን አንድ ቦታ ተክለን፣ አስካለ እያንዳንዱን ሰፌድ ላይ ስታወጣ ጮክ ብላ እንድትቆጥር፣ ከአንድ እስከ አርባ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ተዋናይቷ ሁለት ሳምንት እትዬ ዘንድ ስትለማመድ ስለከረመች አዟዟሯ ጥሩ ነው፤ ከጫፍ ጀምራ ወደ መሐል ስትመጣ እጇ አይንቀጠቀጥም።

እንፋሎቱ ከጀርባ ብርሃን ሲያገኝ ያምራል፤ ለሌንስ ግን ጠላት ነው። 33ኛውና 34ኛው ላይ አክንባሎው ሲነሣ ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ደበዘዘ። ተዋናይቷን አላስቆምናትም። ሌንሱ ተጠርጎ በ35ኛው ተመለስን። በአርትኦት እንዘለዋለን ተባባልን። ከዚያ ካሜራውን ወደ በሩ አርቀን በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀጠልን። የተጋገረው እንጀራ ከመጀመሪያው በቀር ሱቅ ሄደ፤ ሱቁም ቅሬታ አላቀረበም። ተዋናይቷ ከሁሉም ሙገሳ ይህን ወደደችው።

ስለ ድምፅ፦ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲነካው ከ3 ሰዓት ጀምሮ ይንቋቋል። ስለዚህ ንግግር ያለባቸውን ትዕይንቶች ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አደረግን። የጎረቤቱን ሸማኔ ግን ምንም ማድረግ አልቻልንም። መወርወሪያው ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ከጠዋት እስከ ማታ ይመላለሳል። አንዱ ልጅ «ሄደን ለአንድ ሰዓት እንዲያቆም እንጠይቀው» አለ። የሚከፈለው በሠራው ልክ የሆነን ሰው፣ ስለ ድህነት ፊልም እየሠራን ነውና ሥራህን አቁም ማለት አልቻልኩም። የድምፅ ባለሙያችን ብልኃት አገኘ፤ የሽመናውን ድምፅ ለብቻው አሥር ደቂቃ ቀዳና በአርትኦት ጊዜ ከትዕይንቱ በታች ያለማቋረጥ ይዘረጋዋል። ምስሉ ቢቆረጥም ድምፁ አይዘልም።

የካቲት 9፣ እሑድ

አስካለ ለልጇ አንድ ዕንቁላል ገዝታ የምትቀቅልበት ትዕይንት። ትርሲት ግማሹን ትበላና ግማሹን ለእናቷ ታስቀምጣለች። ልጅቷ ስድስት ጊዜ ስለበላች በሰባተኛው «ጠግቤያለሁ» ብላ ፊቷን አዞረች። የራበው ልጅ ለማሳየት ልጅ ማጥገባችን ሁላችንንም አሳቀን። ትዕይንቱ ግን አላለቀም፤ ሁለት ቅርብ ቀረጻዎች ቀሩ። በቀጣዩ ሳምንት ካልጨረስን ሰኞ የካቲት 17 ጾም ይገባል፤ የልጅቷም ቤተሰብ ይጾማል። መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ በቀሪዎቹ ቀረጻዎች አትበላም፤ ግማሹን በወረቀት ትጠቀልላለች። ከመብላቷ ይልቅ መጠቅለሏ የተሻለ ነው።

ዛሬ ከእትዬ ጋር ተጣላን ማለት ይቻላል። መጨረሻው አልወደዱትም። ትርሲት አድጋ ሐኪም ሆና፣ እናቷን በመኪና ወስዳ እንድታሳይ ይፈልጋሉ። «ሰው ምን ብሎ ይውጣ?» አሉኝ። ይህን ብቻ አልሰማኋቸውም። ታሪኩ ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ወደ ምገባው ሰልፍ ስትሮጥ ያበቃል።

የካቲት 16፣ እሑድ፤ ቅበላ

የፈራሁት ትዕይንት። አስካለ ቅዳሜ ሌሊት፣ ልጇ እንደተኛች፣ ታለቅሳለች። በመጀመሪያው ስክሪፕት ሙሉ ገጽ ነበር፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ግድግዳ ላይ ትደገፋለች። ለእትዬ አሳየኋቸው።

«ሊጥ በእጇ ይዛ?»

«አዎ።»

«ምጣዱስ? ምጣድ አይጠብቅም እኮ።»

ከዚያ ራሳቸው አሳዩን። ሊጡን ያዞራሉ፤ አክንባሎውን ይከድናሉ። ከተከደነ በኋላ እስኪበስል ሁለት ደቂቃ ያህል አለ። በዚያ ጊዜ እጅ ባዶ ነው። «ያኔ ነው እንጂ» አሉ፤ ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም።

ትዕይንቱን በዚያው ልክ ሠራነው። አስካለ ሊጡን ታዞራለች፤ ትከድናለች፤ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች። የምታለቅሰው እንፋሎቱ በአክንባሎው ጠርዝ መውጣት እስኪጀምር ነው። ከዚያ ትነሣለች፤ ትከፍታለች፤ ታወጣለች፤ የሚቀጥለውን ታዞራለች። ምስሉ አንድም ቦታ አይቆረጥም፤ ከአንድ እንጀራ እስከ አንድ እንጀራ።

አራት ጊዜ ቀረጽነው። በመጀመሪያው እንጀራው አረረ፤ ተዋናይቷ ለቅሶው ውስጥ ገብታ ረሳችው። በሁለተኛው ቀድማ ከፈተችው። በሦስተኛው እንባዋን በጣቶቿ ልትጠርግ ስትል ሊጥ እንዳለባቸው ትዝ አላትና በክንዷ መገጣጠሚያ ጠረገችው፤ ከዚያ በዚያው ክንድ አክንባሎውን ገፋ አድርጋ እንጀራውን አየች። ካሜራው ጀርባ ያለነው ማናችንም አልተነፈስንም። አራተኛውን የቀረጽነው ለጥንቃቄ ነው።

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ነበር። ሲያልቅ ገብተው እንጀራውን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉና «በስሏል» ብለው ወጡ። አመሻሹ ላይ ቅበላ ነውና ዶሮ ወጥ ጋበዙን። ያንን ግብዣ በእንጀራ ስንት እንደሆነ ልቆጥር ሞክሬ ተውኩት።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ቀረጻ፣ የጽሕፈት ቤቱ ትዕይንት። ክርስቲያኖቹ በሁዳዴ፣ የድምፅ ባለሙያችን ደግሞ ዛሬ በተጀመረው ረመዳን ላይ ነን፤ የምሳ በጀት ተረፈን። ቅጽ ሞይውን የሚጫወተው ተዋናይ በመጀመሪያ ጠረጴዛ እየደበደበ ጮኸ። እንዲያ ከሆነ ክፉው ሰው እሱ ይሆናል፤ ተመልካቹም እሱን ጠልቶ ይገላገላል። ትሑት ሁን፣ አትቸኩል፣ ስታዛጋም ይቅርታ ጠይቅ አልኩት። «የአባት ስም?» የሚለውን አስካለን ሳያያት፣ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ጠየቀ። የሚያስፈራው እንዲህ ሲሆን ሆኖ ተገኘ።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

አርትኦት። የመጀመሪያው ቅጂ 31 ደቂቃ። አሁን 21። ሙዚቃ ሞክረን አወጣነው። የቀረው ድምፅ መወርወሪያው፣ ምጣዱና ቁጥሩ ነው። የ40ው እንጀራ ቆጠራ በሙሉ ሊገባ አይችልምና አሳጥረነዋል፤ ከ1 እስከ 5፣ ከዚያ በምስል እየዘለልን በድምፅ ብቻ እየተከታተልን፣ ከ28 እስከ 40። 33 እና 34 እንደታሰበው ወጥተዋል። የሚታወቅ አይደለም።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ቅጂውን ለእትዬ አሳየናቸው፤ በላፕቶፕ፣ በዚያው ክፍል፣ ትንሿ ልጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተደግፋ። በለቅሶው ትዕይንት ምንም አላሉም። በዕንቁላሉ ልጃቸውን በክርናቸው ነካ አደረጓት። መጨረሻው ላይ አሁንም ሐኪሟን እንደሚፈልጉ ፊታቸው ይናገራል።

ሲያልቅ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉኝ።

«ይጠይቁ እትዬ።»

«32 ብላ 35 አለች። ሁለቱ የት ሄዱ?»

ሌንሱ ደብዝዞ እንደነበር፣ ሰው እንደማያስተውለው አስረዳኋቸው። አዳመጡኝ። ከዚያ ጣቶቻቸውን ዘረጉ። «27፣ 3፣ 5፣ 2፣ የምጣዱ 1። የቀረችው ሁለት እኮ የልጅቷ ናት።»

የአርትኦት ባለሙያችን ላፕቶፑን ዘጋ። የተከራየናቸው መብራቶች ለባለቤታቸው ተመልሰዋል፤ የ85 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ለአንድ ቀን ብቻ በድጋሚ ልንከራይ ነው፤ ተዋናይቷም ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ ብላለች። ሁለት እንጀራ ለመጋገር ሦስት ቀን። ረቡዕ መጋቢት 24 ሊጥ ይቦካል።